የአንዲት ህዋስ ፊትና ኋላ

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ የማነበው ነገር ሁሉ ወደ አንዲት ሚጢጢ ትል ሽል እየመለሰኝ ነው። ሲኖራብዳይቲስ ኤለጋንስ የምትባለው ይህች ትል በብስባሽና በበሰበሰ ፍራፍሬ ውስጥ ባክቴሪያ እየለቀመች የምትኖር፣ አድጋም ከአንድ ሚሊሜትር ገደማ የማትበልጥ ፍጡር ናት። የአገራችን ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ወስፋት የሩቅ ዘመዷ ነው። እንዲያውም ቴዎዶር ቦቬሪ የተባለው ጀርመናዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የሽልን የመጀመሪያ ክፍፍሎች ያጠናው በፈረስ ወስፋት እንቁላል ነበር፤ ፈረስ እጅግ በሚወደድበት በአዊ ይህን የሚያውቅ ሰው ስለማግኘቴ ግን እጠራጠራለሁ።

ጆን ሰልስተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ሥራ የዚህችን ትል የሽል ህዋሳት የዘር ሐረግ አንድም ሳያስቀሩ ቆጥረዋል፦ 671 ህዋሳት ይወለዳሉ፣ 113ቱ በተወሰነላቸው ሰዓት ይሞታሉ፣ ትሏም በ558 ህዋሳት ትፈለፈላለች። ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ የሁሉም ዘረመል አንድ ከሆነ ጭንቅላቱ ከጅራቱ በምን ተለየ?» ብሎኝ ነበር። ጥያቄው መነሣት ያለበት ከ671ዱ ሳይሆን ከመጀመሪያዋ ህዋስ ነው፤ ልዩነቱ የሚጀምረው እርሷ ገና ሳትከፈል ነውና።

ያቺ ህዋስ 50 ማይክሮን ያህል ትረዝማለች፤ ሃያ ብትደረደር አንድ ሚሊሜትር ትሆናለች። የወንዴው ዘር ከመግባቱ በኋላ ባለው አጭር ጊዜ ፓር-3፣ ፓር-6 እና ፒኬሲ-3 የተባሉት ፕሮቲኖች የህዋሷን ሽፋን ከዳር እስከ ዳር ይዘውታል። ከወንዴው ዘር ጋር የመጣው ሴንትሮዞም (የህዋስን ክፍፍል የሚያደራጅ ቅንጣት) ከተጠጋበት ጎን ግን ከሽፋኑ ሥር ያለው፣ አክቲንና ማዮሲን ከተባሉ ፕሮቲኖች የተሠራው የሚኮማተር መረብ ይላላና ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይሸሻል፤ ሲሸሽም እነፓር-3ን ይዟቸው ይሄዳል። በተለቀቀው ቦታ ፓር-2 ይሰፍራል፣ ፓር-1ንም ይጠራል። ያ ወገን የትሏ ኋላ ይሆናል፤ ሌላው ፊቷ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው በማሳ ወሰን እንደሚገፋፉ ሁለት ጎረቤታሞች ነው። ፒኬሲ-3 ፓር-2 ላይ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት እየለጠፈ ከሽፋኑ ያስለቅቀዋል፤ ፓር-1 ደግሞ በፓር-3 ላይ ይህንኑ ያደርግበታል። ህዋሷ ያላት የፕሮቲን መጠን የተወሰነ ስለሆነ፣ አንዱ ወገን በተስፋፋ ቁጥር የሚጨምረው እያነሰ ይሄድና ወሰኑ ከህዋሷ መካከል ገደማ ይቆማል። ክፍፍሉ ሲመጣ የመክፈያው መሣሪያ ወደ ኋላ ስለሚገፋ የፊተኛዋ ልጅ ትልቅ፣ የኋለኛዋ ትንሽ ሆነው ይወለዳሉ። ከእነዚህ መካከል ፓር-1ን፣ ፓር-2ንና ፓር-3ን የሚሠሩት ጂኖች እ.ኤ.አ. በ1988 የታወቁት ኬኔት ኬምፊዩስና ባልደረቦቹ ይህ አለመመጣጠን የጠፋባቸውን ሽሎች ለይተው በማጥናታቸው ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ማን ከማን ጋር እንደሚያያዝ የሚታወቅበት መንገድ ነው። የተለመደው ዘዴ ብዙ ሽሎችን አንድ ላይ ፈጭቶ የተያያዙትን ፕሮቲኖች ማውጣት ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሽል ገና ሲጀምር ሌላው ሊከፈል ደርሶ ከሆነ፣ የሚወጣው መልስ የሁሉም አማካይ እንጂ የየትኛውም ቅጽበት እውነት አይደለም። ዳንኤል ዲኪንሰን፣ ቦብ ጎልድስቲንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ዘዴ ይህን አማካይ ይሸሻል። ዕድሜዋ በማይክሮስኮፕ የታየች አንዲት ሽል በቀጭን ቦይ ውስጥ ትፈነዳለች፤ ከውስጧ የፈሰሱት ፕሮቲኖች በቦዩ መስታወት ላይ በተለጠፈ፣ አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይያዛሉ። ፕሮቲኖቹ አስቀድሞ የሚያበራ ምልክት ስለተደረገባቸው፣ ሁለት ቀለም በአንድ ነጥብ ላይ ከታየ ሁለቱ ተያይዘው ነበር ማለት ነው። ምልክቶቹ ሲበሩ ቆይተው አንድ በአንድ ስለሚጠፉ፣ ብርሃኑ በስንት እርከን እንደጠፋ በመቁጠርም በአንድ ጥቅል ውስጥ ስንት ፕሮቲን እንደነበረ ይገመታል።

በዚህ መንገድ የታየው ፓር-3 በጥቅል ሆኖ ፓር-6ንና ፒኬሲ-3ን እንደሚይዝ፣ በመረቡ ፍሰት በደንብ የሚጎተተውም ጥቅሉ እንደሆነ ነው። ፖሎ ካይኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ደግሞ ጥቅሉ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ስለዚህ ጥቅሎቹ ከህዋሷ የክፍፍል ዑደት ጋር ይሠራሉ፣ ይበተናሉ። ፓር-3 ፓር-6ን ይይዛል ወይስ አይይዝም ተብሎ ቢጠየቅ፣ ህዋሷ ምን ላይ እንደደረሰች ሳይነገር የሚሰጥ መልስ ጎደሎ ነው። የእነዚህ ፕሮቲኖች ዘመዶች በዝንብም በሰውም አካል ውስጥ አሉ፤ የአንጀታችን ግድግዳ ህዋሳት ምግብ ወዳለበት የሚመለከተውን ገጻቸውን ከግርጌያቸው የሚለዩት በእነርሱም ጭምር ነው።