ጉዳይ የበዛበት ቅዳሜ

ቅዳሜን የሚያበላሸው የጉዳዩ ብዛት አይመስለኝም፤ መበታተኑ ነው። ቢል መክፈል፣ ፎርም መሙላት፣ የተሰበረ ነገር ማሠራት፣ ወረፋ... ለየብቻቸው ቀላል ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሲንጠባጠቡ ግን ልብ ያደርቃሉ።

ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ያሉትን ጠዋት አንድ ላይ እጨርሳለሁ፣ በጣም የምጠላውን አስቀድሜ። ለወረፋ ደግሞ የምወደው ፖድካስት አለኝ፤ ሌላ ጊዜ አልከፍተውም። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። ኬቲ ሚልክማን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ አጓጊ የድምፅ መጻሕፍትን ጂም ውስጥ ብቻ እንዲሰሙ የተደረጉ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ በ51 በመቶ የበለጠ ጂም ሄደዋል። የበዓል እረፍት መሃል ሲገባ ግን ውጤቱ ቀነሰ። (አይፈረድባቸውም!)

ጉዳዩ ሲያልቅ ለራሴ የምሰጠው ሽልማት ደግሞ ትንሽ ቢሆን ይሻላል። ዛፍ ሥር ሩብ ሰዓት መቀመጥ፣ በማላውቀው መንገድ ዞሮ ወደ ቤት መመለስ፣ በቃ። ትልቅ ከሆነ እሱ ራሱ ሌላ ጉዳይ ይሆንና ቀጠሮ፣ በጀት፣ የልብስ ምርጫ ይዞ ይመጣል።

ከሰዓት በኋላውን ሆን ብዬ ባዶ እተወዋለሁ፣ ጓደኛ ድንገት ደውሎ «ና እንውጣ» ቢለኝ ሰበብ እንዳልፈልግ። ማንም ካልደወለ እኔ እደውላለሁ። ያላለቀ ፎርም ካለ ሰኞ እንገናኛለን።