ገጠር ለመግባት ከቤቱ በፊት ወንፈሉ

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ገጠር መኖር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቦታና ስለ ቤት ነው። በእኔ እምነት ቅድሚያ የሚሰጠው ለጉርብትናው ነው። የምጽፈው ጤፍና ስንዴ ስለሚዘራበት የሸዋና የጎጃም ወይና ደጋ ነው፤ እንሰት ወይም ቡና አገር የሚገባ ሰው ደንቡን እዚያው ይጠይቅ።

ስለ መሬቱ ባጭሩ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ገበሬ በሽማግሌ ፊት «ሸጥኩልህ» ብሎ የሚፈርመው ወረቀት አያቆምም። የሚያዋጣው ኪራይ ነው፤ እሱም የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ስማቸው ያለ ባልና ሚስት ሁለቱም ፈርመው፣ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሲመዘገብ ነው። የሚስት ፊርማ የጎደለበት ውል ኋላ ክርክር ያመጣል።

በሬ የሌለው ሰው መጋዞ ይሰጣል፦ መሬቱን እሱ ያቀርባል፣ በሬና ጉልበት ያለው ያርሳል፣ ምርቱን እኩል ወይም ሲሶ ይካፈላሉ። ዘርና ማዳበሪያ ማን እንደሚያወጣ፣ ጭዱ ለማን እንደሚሆን ሳይነገር አይጀመር። ጭዱ የከብት መኖና የቤት ምርጊት ስለሆነ ከእህሉ ባላነሰ ያጣላል።

ወንፈልና ደቦን መለየት ያስፈልጋል። ወንፈል ይቆጠራል፦ አንድ ቀን ያጨደላችሁን ሰው አንድ ቀን ታጭዱለታላችሁ። ደቦ እንዲህ በጥብቅ አይቆጠርም፤ ጠሪው አብልቶ አጠጥቶ ይመርቃል፣ ሲጠሩት ደግሞ ይሄዳል። ባል የሞተባት ሴት ወይም አቅመ ደካማ ሽማግሌ የጠራው ደቦ ብድር የለውም። ከተሜ የሚሳሳተው ማታ ላይ ብር አውጥቶ ሲያድል ነው። ሰዎቹ የመጡት ነገ እናንተም እንድትሄዱላቸው ነው፤ ብር መስጠት «ሒሳባችን እዚህ ላይ አለቀ» ማለት ይሆናል። ማጭድ ያልለመደ ሰውም ቢሆን ይሂድ፤ ነዶ ይሸከም፣ ውሃ ያቅርብ። ቀርቶ ሌላ ቀን ይቅርታ ከመጠየቅ ይሻላል።

የጭቃ ቤት ደቦ የሚጠራው በጥር ነው። ጤፉ ተወቅቶ ጭዱ ገብቷል፣ የገና ጾም ታኅሣሥ 29 ተፈቷል፣ ዓቢይ ጾም ገና ነው፣ ለመድረቂያ የሚሆን ፀሐይም አለ። ቀኑን ስትቆርጡ ሠርግ ያለበትን ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን፣ የነነዌን ጾም፣ የአጥቢያውን ታቦትና በወር የሚከበሩትን በዓላት ተዉ፤ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም እያላችሁ የትኛው እንደሚከበር ጎረቤት ጠይቁ። በስልክ አትጥሩ፤ ከሳምንት በፊት በየደጁ ዞራችሁ ንገሩ።

ዝግጅቱ ከዚያም ይቀድማል። ጠላ በአንድ ቀን አይደርስም፤ ጌሾው ከ2 ሳምንት በፊት ይጠንሰስ። ለ20 ሰው 60 እንጀራና ወደ 60 ሊትር ጠላ አይበዛም፣ ጠዋት ደግሞ ንፍሮ ወይም ቆሎ ይቀርባል። መጥመቅ የማታውቁ ከሆነ ጌሾውንና እህሉን ለጎረቤት እትዬ ውሰዱላቸው፤ ደስ ብሏቸው ይጠምቁላችኋል፣ በር የሚከፈተውም በዚህ ነው።

ጭቃው ከ10 ቀን በፊት ይቦካል። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ጭድና ውሃ ይገባል፣ በእግር ይረገጣል፣ በየሁለት ቀኑ ይገላበጣል። ጭዱ ሳይበሰብስ የተለጠፈ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የቋሚው እግር በእሳት ተለብልቦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባ፤ ካልሆነ ምስጥ ከሥር ይበላዋል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚሸበሸብ ማገሩ ይላላል፣ ምርጊቱም ይረግፋል። የደቦው ቀን የሚያልቀው የመጀመሪያው ምርጊት ብቻ ነው። ሁለተኛው በደቃቅ የጤፍ ጭድ የሚለሰነው የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ የቸኮለ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ያወርዳል። መጨረሻ ላይ በእበት ይለቀለቃል። የበልግ ዝናብ የሚጥልበት አገር ከሆነ ይህ ሁሉ በየካቲት ይለቅ።

እድሩን ለክረምት አታቆዩት። ከነበራችሁበት ቀበሌ መሸኛ አውጥታችሁ እንደገባችሁ ሊቀ መንበሩን አግኙ። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ከወርሃዊው መዋጮ ሌላ ለድንኳኑ፣ ለብረት ድስቱና ለወንበሩ ድርሻውን ይከፍላል፤ ይህ ፍትሐዊ ነው፣ አትከራከሩ። በገጠር እድር ከገንዘቡ ይልቅ የሚታየው መገኘት ነው፦ መቃብር መቆፈር፣ እንጨትና ውሃ ማቅረብ፣ ከቀብር በኋላ ለቅሶ ቤት መቀመጥ። የቀረ መቀጫ ይከፍላል፤ መቀጫው ትንሽ ነው፣ መቅረቱ ግን ይታወሳል። ሥራ ወይም ሕክምና ወደ ከተማ የሚወስዳችሁ ከሆነ ሳትወጡ ለጸሐፊው ንገሩ፣ በእናንተ ምትክ የሚቆመውንም ሰው ስሙን አስመዝግቡ።