ዝናቡ ደንገጎ፣ ጎርፉ ድሬዳዋ፦ የአየር ንብረት ባለሙያዎች የልምምድ ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ በልማት ድርጅቶች በከፍተኛ የአየር ንብረት ለውጥ ባለሙያነት ለሚሠሩና ወደዚያ ደረጃ ለሚያመሩ ባልደረቦች ነው። የዚህ ዙር መለማመጃ በድሬዳዋ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ተፋሰስና የሐረር ውኃ ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከደረሰው ጉዳት ውስጥ የአየር ንብረቱ ድርሻ የቱ ነው? የመሬት አያያዙና የሰው ውሳኔስ ድርሻ የቱ? ይህን ያልለየ ሰነድ ገንዘብ ማግኘት ይቸግረዋል። ቢያገኝም የጎርፍ መከላከያ ግንቡ የማይፈለግበት ቦታ ላይ ይቆማል።

ከቃሉ እንጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ስህተት የሚወለደው እዚያ ነው። አይፒሲሲ (የአየር ንብረት ለውጥን ሳይንስ የሚገመግመው የተባበሩት መንግሥታት አካል) እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ስጋትን የሚያየው የሦስት ነገሮች መስተጋብር አድርጎ ነው፦ የሚመጣው ክስተት፣ በክስተቱ መንገድ ላይ ያለው ሰውና ንብረት፣ እንዲሁም ያ ሰው ወይም ንብረት በቀላሉ የመጎዳቱ ነገር። በአማርኛ ሰነዶቻችን ግን ሁለተኛውም ሦስተኛውም «ተጋላጭነት» እየተባሉ ይጻፋሉ። ውጤቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነጥብ ሲሰጥ አንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ሌላው ይረሳል። በዚህ ልምምድ ሁለተኛው «ተጋላጭነት»፣ ሦስተኛው «ተጎጂነት» ተብሏል። በደቻቱ ዳር የቆመ ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ቤትና ከጎኑ ያለ የጭቃ ቤት ተጋላጭነታቸው እኩል ነው፣ ተጎጂነታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። መጠይቁ ወደ ኦሮምኛና ወደ ሶማሊኛ ሲተረጎምም ይህ ልዩነት እንዳይጠፋ ጥያቄውን በቃል ሳይሆን በምሳሌ መጠየቅ ይሻላል፦ «ውኃው እዚህ ይደርሳል ወይ?» አንድ ጥያቄ፣ «ቢደርስ ምን ይሆናል?» ሌላ ጥያቄ።

ካርታው

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከበላይዋ ያለው የደንገጎ ተራራ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ደቻቱ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድ ውኃው የተሰበሰበው ከላይ፣ ከተራራው ነበር። ስለዚህ የከተማዋን ጣቢያ የዝናብ መረጃ ብቻ ይዞ ጎርፉን ለማስረዳት የሚሞክር ትንተና ከመነሻው ስቷል። መጀመሪያ ተፋሰሱን መከለል ያስፈልጋል።

ለዚህ ከጠፈር የተለካው የ30 ሜትሩ የኤስአርቲኤም ከፍታ መረጃና ነፃው የካርታ ፕሮግራም ኪውጂአይኤስ ይበቃሉ። በከፍታ መረጃው ላይ በስህተት የሚታዩትን ጉድጓዶች መሙላት፣ የፍሰት አቅጣጫ ማውጣት፣ የፍሰት ክምችት ማስላት፣ ከዚያ መውጫ ነጥቡን በከተማዋ ድልድይ ላይ ማስቀመጥ። መውጫ ነጥቡ ወንዙ መስመር ላይ በትክክል ካላረፈ ፕሮግራሙ የአንዲት ጉብታ ተፋሰስ ብቻ ይሰጣል። በተለይ ግን አንድ ወጥመድ እዚህ አካባቢ አለ። የ42 ዲግሪ ኬንትሮስ መስመር በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያልፋል። ዩቲኤም በተባለው የካርታ መለኪያ ሥርዓት ድሬዳዋ ዞን 37 ውስጥ ስትሆን ሐረር ዞን 38 ውስጥ ናት። ሁለቱን ከተሞች በአንድ ካርታ የሚያሳይ ሰው አንዱን ዞን መርጦ ሁሉንም ወደዚያ መቀየር አለበት። ዞናቸው የተደባለቀ ንብርብሮች አይገጥሙም፣ የጥፋቱም ምንጭ ቶሎ አይገኝም። የቀድሞዎቹ የወረቀት ካርታዎች ደግሞ አዲንዳን በተባለው፣ ከጂፒኤስ በተለየ የመገኛ ስሌት መነሻ የተሠሩ ስለሆኑ ሳይቀየሩ በጂፒኤስ ነጥብ ላይ ቢነጠፉ ከ100 ሜትር በላይ ይዛነፋሉ። ከወንዝ ዳር 100 ሜትር ማለት በጎርፍ ቀጠናው ውስጥና ውጪ መሆን ማለት ነው።

የዝናቡ መረጃ፦ ብዙ ጊዜ የሚወስደውና ሊወስድም የሚገባው

የጣቢያ የቀን ዝናብ የሚነበበው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። የሳተላይት ቀን ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጀምራል። ማታ 4 ሰዓት ላይ የወረደ ዶፍ በሳተላይቱ የዛሬ፣ በጣቢያው መዝገብ የነገ ሆኖ ይጻፋል። የእኛ ጎርፍ ደግሞ በሌሊት የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለቱን ቀን በቀን አነጻጽሮ «ሳተላይቱ አይረባም» ብሎ የሚደመድም ሰው አንዳንዴ እየለካ ያለው የሰዓት ልዩነቱን ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዝምድናውን በአንድ ቀን ወደፊት፣ በአንድ ቀን ወደኋላና በዚያው ቀን ሦስት ጊዜ ማስላት፣ ወይም የአምስት ቀን ድምርን ማነጻጸር።

የዘመን አቆጣጠሩም እንደዚሁ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። በኤልኒኖ የታወቀው እ.ኤ.አ. የ2015 ክረምት በእኛ 2007 ነው፣ ቀጥሎ የመጣው የ2016 በልግ ደግሞ 2008። ለሁሉም 7 የቀነሰ ሰንጠረዥ ድርቁን በአንድ ዓመት ያሳስታል። የወር ድምር ደግሞ ፈጽሞ በቀጥታ አይለወጥም። ሐምሌ ከጁላይ 8 ስለሚጀምር መጀመሪያ እያንዳንዱ ቀን መለወጥ፣ ከዚያ በኋላ መደመር አለበት።

ቀጥሎ ባዶና ዜሮ። ባዶ ሕዋስ «አልተለካም» ማለት ነው፣ ዜሮ «አልዘነበም» ማለት ነው። ሲገለበጥ ባዶው ዜሮ ከሆነ ድርቅ የሌለበት ዓመት ድርቅ ይሆናል። በ1983 የመንግሥት ለውጥ አካባቢ በሀገሪቱ በርካታ ጣቢያዎች ክፍተት ስላለባቸው ያ ዘመን በዓይን መታየት አለበት። በነሐሴ አንድም የዝናብ ቀን የሌለው ዓመት ሲገኝ ደረቅ ዓመት ከመባሉ በፊት የአጎራባች ጣቢያዎች መዝገብ ይታይ።

እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውና 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥራት ያለው ቺርፕስ የተባለው የሳተላይት ዝናብ መረጃ ለአዝማሚያና ለድርቅ ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። አንደኛ፣ ውስጡ የጣቢያ መረጃ ስላለበት በዚያው ጣቢያ መፈተን ተማሪን በራሱ መልስ መፈተን ነው። ሁለተኛ፣ የሕዋስ አማካይ ስለሆነ በአንድ ሸለቆ ላይ የወረደውን ዶፍ ያለዝበዋል። ለጎርፍ ደግሞ የቀን ድምር ራሱ አይበቃም። 60 ሚሊ ሜትር በ12 ሰዓት ሲወርድ ማሽላ ያሳድጋል፣ በአንድ ሰዓት ሲወርድ ደቻቱን ይሞላል። የግማሽ ሰዓት መረጃ የሚሰጠውን አይመርግ የተባለ የሳተላይት ዝናብ መረጃ በተጨማሪ መመልከት ይህን ጉድለት በከፊል ይሞላል።

መሣሪያ በሌለበት የግድግዳ ምልክትና የሽማግሌ ትዝታ ትልቅ መረጃ ነው። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ከማለት «ከትልቁ ጎርፍ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ውኃው የደረሰበት ከፍታ ከመሬት በሜትር ይለካ፣ የመሬቱም ከፍታ ሌቭል በተባለው የቅየሳ መሣሪያ ከታወቀ ነጥብ ጋር ይያያዝ። የእጅ ጂፒኤስ ከፍታ በብዙ ሜትር ስለሚስት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ደለሉና ዲግሪው

«የ25 ዓመት ጎርፍ» በየ25 ዓመቱ የሚመጣ ጎርፍ አይደለም፣ በየዓመቱ 4 በመቶ ዕድል ያለው ጎርፍ ነው። 20 ዓመት ለሚያገለግል ግንብ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረሱ ዕድል 56 በመቶ ነው (0.96ን ሃያ ጊዜ በራሱ አባዝቶ ከ1 መቀነስ)። ይህን ቁጥር በቀበሌ ስብሰባ መናገር ከማንኛውም ግራፍ ይልቅ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው እርጥበት 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የዶፍ ዝናብ መጠንም በአብዛኛው ይህንኑ ይከተላል፣ ወደ ጎርፍ ሲለወጥ ጭማሪው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። በሌላ በኩል 3 ሜትር ጥልቀት ባለው ሰፊ ቦይ ውስጥ 1 ሜትር ደለል ቢሞላ፣ ቦዩ ሊያሳልፍ የሚችለው ውኃ በሲሶ ሳይሆን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ፍሰቱ ከጥልቀቱ በላይ በፈጠነ መጠን ስለሚወድቅ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የባለሙያው ግዴታ ነው። የአየር ንብረቱን ድርሻ መካድ ስህተት ነው፣ ደለሉን መደበቅ ደግሞ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ነው። ደለሉ የሚመጣው ከተራቆተው ገደል ስለሆነ ግንቡ ብቻ የተከፈለበት ፕሮጀክት ከጥቂት ክረምት በኋላ አጭር ግንብ ይኖረዋል። በጀቱ ውስጥ የላይኛው ተፋሰስ እርከንና የአፈር መከላከያ፣ የቦዩ ዓመታዊ ጠረጋም መግባት አለባቸው። ጠረጋው ከበልግ በፊት እንጂ ከክረምት በኋላ አይደለም። የላይኛው ተፋሰስ ከፊሉ በኦሮሚያ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ስለሆነ የሁለቱ አስተዳደሮች የጽሑፍ ስምምነት ከሐሳብ ማስታወሻው ጋር ቢያያዝ ይመረጣል። በኋላ የሚፈለግ ስምምነት ፕሮጀክቱን ብዙ ያቆመዋል።

የማስጠንቀቂያ ጊዜም ይሰላ። በኪርፒች ቀመር 20 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 1,000 ሜትር የከፍታ ልዩነት ላለው ወንዝ ውኃው ከጫፍ እስከ መውጫ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ገደማ ይወስድበታል። ቀመሩ ለትንንሽ ተፋሰስ የወጣ ስለሆነ ይህ የመነሻ ግምት ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ዝናቡ እስኪመዘገብ፣ መልእክቱ እስኪደርስ፣ የሚወስነው ሰው ከእንቅልፉ እስኪነሳ ያለው ሲቀነስ ለድሬዳዋዎቹ የመጋላና የገንደቆሬ ሰፈሮች ነዋሪ የሚተርፈው ከአንድ ሰዓት በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳይረን የሚነፋበት የዝናብ መጠን አስቀድሞ ይወሰን፣ ሌሊት ላይ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥርዓት አይሠራም።

ሐረማያና የሐረር ቧንቧ

ለብዙ ዘመን ሐረርን ያጠጣው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። በብዙ ሰነድ «በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት» ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን ለጫት መስኖና ለከተሞች የሚሳበው ውኃ፣ ከኮረብታው የሚወርደው ደለልም የየራሳቸው ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ እንደገና ውኃ ይዟል፣ ይህም ተጨማሪ ጥያቄ ያስነሳል። ፈተናው የውኃ ሒሳብ ነው፦ የገባው ዝናብና ፍሳሽ፣ የወጣው ትነትና የተሳበው። አንዱን ዓምድ እየለወጡ «ዝናቡ ያኔ እንደነበረ ቢቆይ ሐይቁ ይተርፍ ነበር?» ብሎ መጠየቅ። መልሱ «አይተርፍም» ከሆነ የፕሮጀክቱ ክብደት ያለው የመስኖ ውኃ ቆጣቢነት ላይ ነው።

ሐረር አሁን ከድሬዳዋ በኩል ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ውኃ ታገኛለች። ውኃው ተራራውን ይወጣል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 600 ሜትር ለማንሳት 1.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ ፓምፑ 65 በመቶ ብቃት ካለው 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፣ የቧንቧው ሰበቃ ሳይታከል። ይህ መላመድ ነው፣ ግን በመብራት ላይ የተንጠለጠለ መላመድ ነው። በስጋት ሰንጠረዡ ውስጥ የኃይል መቋረጥ የራሱ ረድፍ ይኑረው።

ቧንቧ በማይታመንበት ቤት ሁሉ በርሜል ይቆማል። ጉዳዩ እዚህ ላይ ይከብዳል። በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በደረቁ ወቅት የተነሳው የወባ ወረርሽኝም ከዚህ ትንኝ ጋር ተያይዟል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጌ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ቺኩንጉኛ የተባሉት የትኩሳት በሽታዎች በከተማዋ ነበሩ፣ እነሱን የሚያስተላልፈው ትንኝም በተጠራቀመ ውኃ ይራባል። ለድርቅ ተብሎ ክዳን የሌለው ታንከር ማከፋፈል በሽታ ማከፋፈል ይሆናል። የ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ600 ሚሊ ሜትር ዓመታዊ ዝናብና በ0.8 የመሰብሰብ መጠን 19,200 ሊትር ይሰጣል። ጥሩ ውኃ ነው። ዝርዝር መግለጫው ግን የሚገጥም ክዳን፣ በመግቢያውና በትርፍ መውጫው ላይ ትንኝ የማያሳልፍ ወንፊት፣ ከታች ማጠቢያ ቧንቧ ካላካተተ አይፈረም። ክፍት በርሜል በየሳምንቱ ተደፍቶ ግድግዳው ይፈተግ፣ የደንጌ አስተላላፊው ትንኝ እንቁላል በደረቅ ግድግዳ ላይ ሊቆይ ስለሚችል መድፋት ብቻ አይበቃም።

ትንበያውና ሰነዱ

የአየር ንብረት ሞዴሎች በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ይጨምራል ሲሉ፣ ባለፉት አሥርት ዓመታት የታየው ግን በአብዛኛው መቀነስ ነው። በልጉን የሚያምን ፕሮጀክት የሞዴሎቹን አማካይ ብቻ ይዞ አይነሳ። የእርጥቡንና የደረቁን ጫፍ ወስዶ ዲዛይኑ በሁለቱም ይቆም እንደሆነ መፈተን ያስፈልጋል። እርከን በሁለቱም ያገለግላል፣ ሰፊ የመስኖ ግድብ በደረቁ ላያገለግል ይችላል።

ስለ አረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ ስድስት መመዘኛዎች ብዙ ስለተባለ እዚህ አይደገምም። ሁለት ነገር ብቻ፦ ተጠቃሚ ሲቆጠር የከተማው ሕዝብ ሁሉ «ቀጥተኛ» አይባል፣ ጎርፉ የሚደርስበት ካርታ ላይ ያለው ቤት ይቆጠር። በጀቱም የተሠራበት የምንዛሪ ቀን ይጻፍ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በአሮጌው ምንዛሪ የተሠሩ የጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) እና የቧንቧ ዋጋዎች እንደገና መሰላት ነበረባቸው።

ለሚቀጥለው ዙር የቀሩት፦ የደቻቱን ቦይ ጥልቀት በአምስት መስቀለኛ መስመሮች በሌቭል መለካት፣ ከበልግ በፊትና ከክረምት በኋላ። የመለኪያ ነጥቦቹ በድልድዩ ምሰሶ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግባቸው፣ ያለዚያ ሁለተኛው ልኬት ከመጀመሪያው ጋር አይነጻጸርም።