ከበሩ ውጭ የቀረ ወላጅ

የልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ «ያለ ቀጠሮ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ወዲህ፣ ጥበቃው ልጄ የረሳችውን ምሳ ዕቃ በፍርግርጉ ተቀብለው ይመልሱኛል። ለልጆች ደኅንነት ከሆነ ቅሬታ የለኝም፤ ክፍል ለክፍል የሚዞር ወላጅም ያስቸግራል። ነገር ግን የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ኅብረተሰቡ በትምህርት ቤት አስተዳደር እንዲሳተፍ ሲወስን፣ የወላጅና መምህራን ኅብረትም የትምህርት ቤቱን ሥራ እንዲከታተል ሲደረግ፣ ወላጅ ግቢውን በዓይኑ ያያል ተብሎ ይመስለኛል። የኢንስፔክሽን (የትምህርት ቤት ጥራት ቁጥጥር) ባለሙያዎች የትምህርት ቤቱን ግብዓት፣ ሂደትና ውጤት መዝነው ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣሉ፤ የሚመጡት ግን አልፎ አልፎ ነው (ያውም መጸዳጃ ቤቱ በታጠበ ዕለት)። ውኃ ከጠፋ ሁለት ሳምንት እንደሆነው የሰማሁት ልጄ ማታ ጫማዋን እያወለቀች ስትነግረኝ ነው። ልየው ብዬ ብጠይቅ ለሚቀጥለው ወር ቀጠሩኝ።