እንኳን አደረሳችሁ፤ አንድ በግ አለብኝ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ። ከጎንደር ውጭ ላላችሁ፣ በተለይም ዘንድሮ መምጣት ላልሆነላችሁ፣ ሰላምታዬ ድርብ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የፋሲል መዋኛ መሞላቱን ለማየት ወርጄ ነበር። ከቀሐ ወንዝ በቦይ የሚመጣው ውኃ ከፍ ብሏል፤ ቅጥሩን ጨብጠው የያዙት የዋርካ ሥሮችም እንደ ልማዳቸው ናቸው። ስመለስ በመንገዴ ባለች ጠባብ ሜዳ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። አንዱ ገብቷል ይላል፣ ሌላው ወጥቷል ይላል። በረኛው በድንጋዮቹ መካከል ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቷል፤ አንድ ትንሽ ልጅ ደግሞ ፊቱ ተገትሮ «ቀጥ ብለህ ቁም! ቀጥ በል እንጂ!» እያለ ይጮኻል።

እኔም ባለሁበት ቆምኩ። ይህንኑ ጩኸት ሰምቼ ዝም ያልኩበት ቀን አለ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በየዓመቱ በበዓሉ ስለ ታቦቱ፣ ስለ ሎሚ ውርወራውና ስለ ነጩ ልብስ እጽፍላችሁ ነበር፤ የዘንድሮው ግን ስለዚያ ቀንና በዚያ ቀን ስለተጫወቱት የሰፈሬ ልጆች ነው። ስማቸውን አልጠራም። ያደገበት ሰፈር ከእኛ ጋር አንድ የሆነ ሰው ገና ሁለት መስመር ሳያነብ ያውቃቸዋል።

ቡድናችን ማኅተም አልነበረውም፣ መዝገብ አልነበረውም፣ ፎቶግራፍ እንኳ አልነበረውም። ዛሬ እንጀራዬን የምበላው በመዝገብ ቤት ሥራ ነው፤ ስንትና ስንት ሰው የማያስታውሰውን ደብዳቤ በቁጥር አውጥቼ እሰጣለሁ፤ ስለ ራሴ ቡድን ግን አንድ ገጽ ወረቀት የለኝም። የነበረን አንድ የሰፈር ልብስ ሰፊ ነበሩ። ካናቴራዎቹን አንድ ዓይነት ቀለም የነከሩልን፣ ቁጥሮቹንም ከተረፈ ጨርቅ ቆርጠው የሰፉልን እርሳቸው ናቸው። ጨርቁ ስላልበቃ ሁለት ሰባት ቁጥር ነበረን፤ ሰባት ለመቁረጥ ቀላል ነው። ከየቤቱ ሳንቲም ሰብስበው ለአሸናፊው በግ የሚገዙትም እርሳቸው ነበሩ፤ ግጥሚያው ሁልጊዜ ጥር 13 እንዲሆን የወሰኑትም እንዲሁ። ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ይገባል፣ በማግስቱ ሰፈር ለሰፈር እንገጥማለን።

ለምን ጥር 13 እንደሆነ ሲጠየቁ መልሱ አንድ ነበር፦ 1954። በዚያ ዓመት ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ ጥምቀት በግማሽ ፍጻሜውና በፍጻሜው መካከል ነው የዋለው። ጥር 13 ቀን ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታን ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን፤ በተጨማሪው ሰዓት መንግሥቱ ወርቁ የመጨረሻዋን ሲያክል 4 ለ 2 አሸነፍን። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ አልደገመችውም። ልብስ ሰፊው ይህንን ሲተርኩ መርፌያቸውን ከጨርቁ ላይ ይሰኩና እጃቸውን ነፃ ያደርጋሉ፤ ጎሎቹን በእጃቸው ማሳየት ስላለባቸው ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ።

ግራ ክንፋችን ከአዲስ ዓለም የሚመጣ ልጅ ነበር፤ ያ ጥንታዊው የሙስሊሞች ሰፈር ማለቴ ነው። እግሩ ግራኝ ነው። አጥቂያችን ደግሞ ቀኝ እግር ብቻ ነበረው ማለት ይቻላል፤ ግራው ለመቆሚያ ያህል ነው። ሁለቱ ተማክረው ቅዳሜ ገበያ ከልባሽ ተራ አንድ ጥንድ ታኬታ ገዙ፤ ግራውን አንዱ፣ ቀኙን ሌላው ወሰደ። በሌላኛው እግራቸው ሸራ ጫማ ያደርጋሉ። ታኬታው ከሸራው ከፍ ስለሚል ሁለቱም ሲሮጡ ያነክሳሉ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገጥመን ቡድን አካል ጉዳተኛ አሰለፉ ብሎ አዝኖልን ያውቃል፤ ሐዘኑ እስከ መጀመሪያው ጎል ድረስ ነበር። አጥቂው ዛሬ ባሕር ማዶ ነው። ቀኝ ታኬታውን ይዞት ሄዷል፤ ግራው አዲስ ዓለም አንድ ሱቅ ውስጥ ከስኳር መደርደሪያው በላይ ተሰቅሏል። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቅ ባለ ሱቁ «ጥንዱን አምጣና እንነጋገራለን» ይላል።

አማካያችን አይሮጥም ነበር። ይህን ስል መቀነሴ አይደለም፤ ኳሷ ራሷ እየመጣች ትፈልገው ነበር። አሁን መምህር ነው፤ ክፍል ውስጥም ከወንበሩ አይነሳም ብለው ተማሪዎቹ ነግረውኛል።

የመሐል ተከላካያችን ያኔ ዲያቆን ነበር። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ይገባል፤ ሰው ከመምታቱ በፊት «ይቅርታ ወንድሜ» ይላል፤ ከዚያ ይመታል። ይህች ይቅርታ ከምቱ ይልቅ ታስፈራ ነበር፤ አጥቂዎች ቃሉን ሲሰሙ ኳሱን ትተው ሲዘሉ አይቻለሁ። ዛሬ ቄስ ናቸው፤ አንተ ማለት ቀርቷል። በከተራ ዕለት ከታቦቱ ጋር ሲወርዱ መንገድ ዳር ቆመን እንጠብቃቸዋለን። ዓይናቸውን ከመሬት አያነሡም፤ እኛም አንጣራም። ሆኖም ካህናቱ ሲያሸበሽቡ እግራቸውን ላየ ሰው ያ ተከላካይ የት እንዳለ ወዲያው ይገለጥለታል።

በረኛችንን ለመጨረሻ ያቆየሁት ነገሩ ሁሉ በእርሱ ስለሚያልፍ ነው።

አግዳሚ በሌለበት ጎል ሕጉ ምን እንደሆነ የሰፈር ሜዳ ያየ ሰው ያውቃል። በረኛው እጁን ዘርግቶ እስከደረሰበት ድረስ ጎል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለፈ ወጥቷል። ስለዚህ ሌላው ቡድን ረጅም በረኛ ሲፈልግ የእኛ ልብስ ሰፊ በሜትራቸው ለክተው ከሰፈሩ አጭሩን መረጡ። አጭር ይሁን እንጂ ዝንጀሮ ነበር፤ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ጸበሉ ከተባረከ በኋላ ወደ መዋኛው ቀድሞ የሚዘለው እርሱ ነው፤ ወደ ጎንም ቢሆን እንደዚያው ይወረወራል። ጓንቱ የሱፍ፣ ሱሪው የታላቅ ወንድሙ ነበር፤ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ወገቡ በገመድ የታሰረ። ይህን ሱሪ አስታውሱልኝ።

እኔስ? እኔ ተቀያሪ ነበርኩ ብል ውሸት ነው። ኳስ አቀባይ ነበርኩ። ሜዳችን ከቀሐ በላይ ያለ ተዳፋት ስለነበር ከጎሉ ጀርባ ያለፈ ኳስ እስከ ወንዙ አይቆምም፤ ወርዶ የሚያመጣው እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚያ ጥር 13 ከጎሉ ጀርባ የቆመ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ለዜሮ እየመራን ነው። ጊዜው ሊያልቅ ሲል የወዲያኛው ሰፈር አጥቂ ከሩቅ መታ። ኳሷ ከበረኛችን እጅ በላይ አልፋ ወደ ገደሉ ሄደች። እነርሱ ጨፈሩ፤ እኛ «ወጥቷል» አልን። ዳኛው እንደ ሥርዓቱ በረኛው ቦታው ላይ ቆሞ እጁን እንዲዘረጋ አዘዘ፤ ኳሷ ያለፈችበትን ከፍታ ደግሞ እነርሱ በረጅም ዱላ አሳዩ። የዱላው ጫፍ ከጣቶቹ በአንድ ስንዝር ያህል ከፍ አለ። «ቀጥ ብለህ ቁም!» እያሉ ጮኹ፤ እርሱም «ቆሜያለሁ እኮ!» አለ። ዳኛው ወጥቷል ብሎ ፈረደ። በጉ የእኛ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ያ ጎል በየዓመቱ ጥር 12 ማታ እኛ ቤት ይነሣል። እኛ ቤት የሆነበት ምክንያት አለው፤ ያቺን ኳስ የመታው ሰው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አማቼ በአንድ በኩል፣ ቡድኔ በሌላ በኩል፣ በመካከላችን ዶሮ ወጥ። የቡድናችን መዝገብ ይህ ክርክር ብቻ ነው። ማን የት ቆሞ እንደነበር፣ ማን ለማን እንዳቀበለ፣ ሁለቱ ሰባት ቁጥሮች እንዴት እንደተጋጩ በየዓመቱ የሚነገረው በዚሁ ሰበብ ነው። ቄሱ እንዲመሰክሩ ሲጠየቁ «ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ነበረች» ይላሉ። ቄስ አይዋሽም፤ ፀሐይም በእርግጥ ወደዚያ ነበረች።

አማቼ ነገር አይበቃውም። አንድ ዓመት ሐምሌ 23 ቀን 1958 የተደረገውን የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ይዞ መጣ፤ ኳሷ አግዳሚውን መትታ መሬት ነክታ የተመለሰችበትን። እዚያ አግዳሚም መረብም አራጋቢም ነበር፤ ሰው ግን እስከ ዛሬ ይከራከራል። ያም ጨዋታ እንደ አዲስ አበባው በሁለት አቻ ተጠናቅቆ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ማለቁን የነገረን እርሱ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ በፈረንጆቹ 1863 የወጣውን የመጀመሪያውን የእንግሊዝ የኳስ ሕግ አገኘ፤ በዚያ ሕግ አግዳሚ የሚባል ነገር ስላልነበረ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል በየትኛውም ከፍታ ያለፈች ኳስ ጎል ናት። «እንግዲያውስ አሸንፌያለሁ!» ብሎ ተነሥቶ ጨፈረ። እኛም ያንን ሕግ ያወጡት ሰዎች ቀሐን አያውቁትም ብለን አስቀመጥነው።

በ2013 ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣም አብረን ነበርን። በዚያ ዓመት ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ብቻ ስለተካሄዱ አፄዎቹ ሻምፒዮን ሲሆኑ ያየናቸው በቴሌቪዥን ነው። ጎል ሲገባ ካሜራው ከዚህም ከዚያም ደጋግሞ ያሳያል። አማቼ አጨበጨበ፣ አለቀሰም፤ ቀጥሎ ግን ወደ እኔ ዞሮ «አንዲት ካሜራ ከጀርባ ብትኖረኝ ኖሮ» አለ። ከጀርባ። እጄ ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ከጀርባ ነበርኩ። በረኛችን እጁን ሲዘረጋ የዚያን ሰፊ ሱሪ ጀርባ አየሁ፤ ከፊት ለሚያየው ቀጥ ብሎ የወረደ ጨርቅ ነው፤ ከኋላ ግን ከጉልበቱ ላይ ታጥፎ ሁለት ቦታ ተሸብሽቧል። ጉልበቱን አጥፎ ነበር። ከአንድ ስንዝር በላይ አጥፏል። እርሱም ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔም ኳስ ለማምጣት ወደ ወንዙ ሮጥኩ። በዚያ ማታ ከበጉ የደረሰኝ ጎድን ከኳስ አቀባይ ድርሻ እጅግ የሚበልጥ ነበር።

እስከ አምና ድረስ ይህ አላስጨነቀኝም። ክርክሩ ጣፋጭ ነበር፤ ቢዘጋ የሚቀርብን ይመስለኝ ነበር። አምና ጥር 12 ግን አማቼ ዝም አለ። ያለፉት ዓመታት ለከተማችን ከባድ ነበሩ፤ እንግዳውም አነስተኛ፣ ገበታውም ሰፊ ነበር። ክርክሩን ልናስጀምር ብንነካካው «ተዉት በቃ፤ ወጥታ ይሆናል፤ እኔም ልጅ ነበርኩ፣ ምን አይቼ ነው» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። በዓይኑ ያየውን፣ በእግሩ ያገባውን ጎል በእኛ ጭቅጭቅ ብዛት ራሱ መጠራጠር ጀመረ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በረኛውን ሳላስፈቅድ አልጻፍኩም። ዛሬ ሁለት ባጃጅ አለው፤ ስደውልለት መንገድ ላይ ነበር፣ ጥግ ይዞ ቆመ። ልጽፈው ነው ስለው ረጅም ጊዜ ሳቀ። «እኔ እኮ አንተ ያኔውኑ የነገርካቸው መስሎኝ ስንት ዓመት ፈራሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ ለምን እንደማትናገር ገረመኝ» አለኝ። ከዚያም የበጉን ግማሽ እርሱ እንደሚከፍል ነገረኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፣ ሱሪው የወንድሙ መሆኑ እንዲጻፍ።

ጋሼ፣ አማቼ፣ ይህን ከሰው ሁሉ ጋር ስታነብ አትቆጣ። ገብታ ነበር። በጉን ነገ በጠዋት እገዛለሁ። ጥር 12 ሚካኤል ከገባ በኋላ ሁላችሁም እኛ ቤት ናችሁ፤ ቄሱም ይመጣሉ፣ ባለ ግራ ታኬታውም ሥጋው ከሁለቱም ወገን እንዲሆንለት የራሱን ጠቦት አሳርዶ ይመጣል፤ እንደ ወትሮው። ባሕር ማዶ ያለኸው ወንድማችን፣ ቀኙን ታኬታ በፖስታም ቢሆን ላክልን።

መልካም በዓል።