«እግርስ?»

ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የተመላለሰ ሰው ሐረጎ የሚባለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ያውቃል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መሀል 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ደሴ ላይ ጃኬቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ክንዱ ላይ ጥሎት ነው የሚወርደው።

አንድ ጠዋት ሾፌሩ በዚያ ኩርባ ላይ ይከንፋል። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ቀስ በል እንጂ፤ ኮምቦልቻ ጥላን አትሄድም» አሉ። ረዳቱ ዞር አለና «አብሽሩ እማማ፣ ፍሬን አለው።»

«እግርስ?»

መኪናው በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ ራሱ እየሳቀ ፍጥነቱን ቀነሰ።

እኔ ያኔ ስታንድአፕ ኮሜዲ ልጀምር ደብተር ገዝቻለሁ። ልጅ ሆኜ የደረጀና ሀብቴን ቀልድ ሸምድጄ ለሰፈር ልጆች እደግም ስለነበር፣ ቀልድ ማለት በቃል የሚያዝ ነገር ይመስለኝ ነበር። ማታ ቁጭ ብዬ የሴትዮዋን ነገር «አሳመርኩት»። ዝናብ ጨመርኩ። ዶሮ ጨመርኩ (መኪናው ውስጥ ዶሮ አልነበረም)። ሲያልቅ ሁለት ገጽ ሆነ።

ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ አዳራሽ ውስጥ መድረክ ወጣሁ። 40 ሰው ቢሞላ ነው። የመጨረሻዋ መስመር እንዲህ ነበረች፦ «እሳቸውም፣ ፍሬኑስ ይኑር፤ ግን እሱን የሚረግጥ እግር አለው ወይ ብለው ጠየቁት።»

ጭጭ። አንድ ሰው አሳለ። የሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም ቀድሜ።

በማግስቱ እናቴ ቡና ስታፈላ በስልክ የቀዳሁትን አሰማኋት። እስከ ቶና ድረስ ቃል አልወጣትም። ከዚያ «ሴትዮዋ እንዲህ ነው ያሉት?» አለችኝ። ያሉትን ነገርኳት። ጀበናውን አስቀምጣ ሳቀች።

የገባኝ ያኔ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ይወዳል። «አሉት»፣ «ጠየቁት»፣ «ነበር»። የሚያስቀው ቃል መሀል ላይ ያልፍና፣ ሰው ሊስቅ አፉን ሲከፍት አንተ ገና ግስ ትጎትታለህ። ቡና ላይ የሚያወራ ሰው ግን «ብለው ጠየቁት» አይልም። አንገቱን ሰገግ አድርጎ፣ እሳቸውን ሆኖ፣ «እግርስ?» ይልና ዝም ይላል። ከባዱ ዝምታውን መቻል ነው። በልቤ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ፤ ሁለት ላይ ላብ ያጠምቀኛል።

ዶሮዋን አወጣኋት። ሁለቱ ገጽ አራት መስመር ሆነ።

ባለፈው ኮምቦልቻ አንድ ካፌ ውስጥ ሞከርኩት። «እግርስ?» አልኩና ቆጠራዬን ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ሳቁ ሊመጣ ሲል ከፊት ጠረጴዛ አንድ ጎልማሳ እጁን አነሳ።

«ምን ላድርግ፣ ጫማ ጠቦኝ ነው!»

ቤቱ ተናጋ። ሾፌሩ እሱ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም። ከመድረክ ስወርድ ደብተሬን አውጥቼ ሦስት ቃል ጻፍኩ።