«ከፍታው ነው»

ይሄ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል። እስካሁን ግን የእንጨት እሳት ዳር በተቀመጥኩ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጭስ ማውጫው ክዳን ነው።

ሰሜን ተራሮች ግድም ባለ አንድ ሎጅ ነበር የምሠራው። ቀን ክፍል አጸዳለሁ፣ ማታ የየክፍሉን ምድጃ አቀጣጥላለሁ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እንግዳ የሚበዛው ደግሞ ያኔ ነው።

ሥራውን ያሳዩኝ እንጨት ፈላጩ ናቸው፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው። ሁለት ፍልጥ ያጋጫሉ። ኳ ካለ ደርቋል፣ ድምፁ ከታፈነ እርጥብ ነውና ወደ ክምሩ ይመለሳል። እርጥብ እንጨት ጭሱ እንደ ሬንጅ ጭስ ማውጫው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሲጠራቀም ያ ሬንጅ ራሱ እሳት ይይዛል። ከማቀጣጠላቸው በፊት ክዳኑን ከፍተው፣ ጋዜጣ ጠቅልለው ለኩሰው፣ ወደ ላይ ይይዙታል፤ እዚያ የተኛው ቀዝቃዛ አየር ካልሞቀ ጭሱ ተመልሶ ክፍሉን ይሞላዋል። ከዚያ ጭራሮ፣ ቀጫጭን ፍልጥ፣ ወፍራሙ መጨረሻ። ላምባ በአጠገባቸው አያልፍም። አመድ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ውጭ ይቀመጣል፣ ምክንያቱም ሞተ ያልከው አመድ ውስጥ ፍም ያድራል። ደጋግመው የሚሉት ግን አንድ ነገር ነው፦ «ፍም እያለ ክዳን አይነካም።»

ይሄ በሆነበት ወር አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ፓርኩ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው፤ ባሕር ዛፉን ከታች በመኪና ነው የምናስመጣው፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ሰበሰበንና «እሳቱ ፍም ሲሆን ክዳኑን ዝጉት» አለ። «ሙቀቱ በጣሪያ እየወጣ ነው። ብር እኮ ነው የምታቃጥሉት!»

አያ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ጌታዬ፣ ፍምም እኮ ይተነፍሳል» አሉ።

«አያ፣ እርስዎ እንጨትዎን ይፍለጡ።»

እኔ ዝም አልኩ። ማታውን ባልና ሚስት የያዙት ክፍል ገባሁ፤ ራት ላይ ነበሩ። ነበልባሉ ወርዷል፣ ፍሙ ደምቋል። የክዳኑን እጀታ ወደ ታች ሳብኩት። ዘጋሁት።

አራት ሰዓት ሲሆን ባልየው ራሱን ይዞ እንግዳ መቀበያው መጣ። ራሱን እያመመው ነው፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሚስቱም ተኝታለች። ሥራ አስኪያጁ «ከፍታው ነው» አለው። «ውሃ ጠጥተው ይተኙ፣ ጠዋት ይተዎታል።»

ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ውሸት አልነበረም። እዚያ ከፍታ ላይ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ በየሳምንቱ የምናየው ነው። እኔም ላምን ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ግን ሰዎቹ ከእኛ በላይ ጨነቅ የሚባል ቦታ፣ 3,600 ሜትር ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ሁለት ሌሊት አድረው በደህና የወረዱ ናቸው። እንዴት ሲወርዱ ያማቸዋል? ደግሞ ሁለቱም አንዴ? ይሄን ሳወጣ ሳወርድ ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ «እዚህ ስቆም እኮ ቀለል አለኝ» አለ።

ሮጥኩ።

ክፍሉ ጭስ ጭስ አይልም ነበር። ሙቅ ነው፣ ደስ ይላል፣ ሰው ጋደም ማለት የሚያምረው ዓይነት። ፍሙ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ነበልባል ይንቀለቀላል። እጀታው እንደተውኩት ነው። ሴትየዋን ቀሰቀስኳት፣ ቀና አለች፣ ጫማዋን ልታደርግ ሞከረች። እግሯ ጫማው ውስጥ አልገባ አላት። ጫማውን እያየችው እግሯን ከጎኑ ወለሉ ላይ ታሳርፋለች፣ እንደገና ታነሳለች፣ እንደገና ከጎኑ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በባዶ እግሯ ወደ ውጭ አወጣኋት። ከዚያ መስኮት፣ በር፣ ክዳን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ከፈትኩ።

በሎጁ መኪና ደባርቅ ወርደው ኦክስጅን ተሰጣቸው። ያከመቻቸው ነርስ አስረዳችኝ፦ ከታፈነ ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ደምን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ድሮም አየሩ በሳሳበት ቦታ ደግሞ ሰው በቶሎ ይጎዳል። ጭስ የሚታይ ቢሆን እኮ ይሸሹት ነበር። የታፈነ ፍም ግን ዝም ብሎ ነው የሚገድለው። ጠዋት ሁለቱም በእግራቸው ወጡ። ተመስገን።

ስንመለስ ሥራ አስኪያጁ «ማን ነው የዘጋው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

ዝጉ ያሉት እርስዎ ነዎት ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የዘጋው እጅ የኔ ነበር፣ ያንን ስላወቅኩ ሌላው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። የቀን መዝገቡ ላይ «ሁለት እንግዶች በከፍታ ሕመም ወደ ሕክምና ተልከዋል» ብሎ ጻፈ። አይቼዋለሁ።

አያ ከሰዓት በኋላ ፒንሳና የአጥር ሽቦ ይዘው መጡ። ምንም አላሉኝም። ክዳኑን ክፍት አድርጌ ያዝኩላቸው፣ እሳቸው እጀታውን ሦስት ዙር አሰሩት። ቀጣዩ ክፍል፣ ከዚያም ቀጣዩ። አራተኛው ላይ ስንደርስ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆመ። ሽቦውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሄደ።

እስክለቅ ድረስ ሽቦውን የፈታው ሰው የለም።